«ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ከማለታችን በፊት

እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ለሕፃን ልጅ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» የሚለው ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ ዶክተር፣ ኢንጂነር ወይም ፓይለት። መልሱን ያስተማርነው እኛው ነን። ልጁ አድጎ የተፈጥሮ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ ሲመጣ ግን ጨዋታ የነበረው ጥያቄ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይሆናል። በጭቅጭቁ መሐል የሚረሳው ደግሞ ከሁሉ መቅደም የነበረበት ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ ይህ ልጅ ማን ነው?

ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ልጆቻችን እንጀራቸውን የሚያገኙት ቤተሰብ ባሰበላቸው መንገድ ላይሆን ይችላል። አንድ በር ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ያ በር ሲዘጋበት ራሱን ከንቱ አድርጎ ይቆጥራል። ምን እንደሚችልና ምን ደስ እንደሚለው የሚያውቅ ልጅ ግን አዝኖ ሲያበቃ ሌላ በር ያንኳኳል።

ለማዕድን ተልኮ ሥዕልን የመረጠው

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላክ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የተላከው ሥዕል እንዲማር ሳይሆን የማዕድን ምህንድስና አጥንቶ አገሩን እንዲያገለግል ነው። በትምህርት ቤት ግን የሥዕል ተሰጥኦው ጎልቶ ወጣ፤ መምህራኑም አበረታቱት። ምህንድስናውን ትቶ ለንደን ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ጀመረ፤ ከዚያም ስሌድ በተባለው ታዋቂ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የግል የሥዕል ዐውደ ርእይ አቀረበ። ዛሬ በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የእሱ ሥራ ነው።

ከዚህ ታሪክ «ልጅ የፈለገውን ይሁን» የሚል ትምህርት ብቻ ከወሰድን ግማሹን ትተነዋል። አንደኛ፣ ልጁ ስለ ራሱ ያወቀው ቁጭ ብሎ በማሰብ አይደለም፤ እየሠራ፣ ሥራውንም ሌሎች እያዩለት ነው። ሁለተኛ፣ ዝንባሌውን ካወቀ በኋላ ለዓመታት ተምሮበታል። ራስን ማወቅ ከልፋት አያድንም፤ የት መልፋት እንደሚገባ ግን ያሳያል።

መስታወቱ በሠፈር ውስጥ አለ

እኛ ኢትዮጵያውያን ሰውን በሥራው የምናውቅበት መድረክ አላጣንም። ለቅሶ ቤት ልብ ብለው ይመልከቱ። አንዱ ሳይታዘዝ ድንኳን ያስተክላል፤ ሌላው መዝገብ ይዞ ሒሳብ ይቆጣጠራል፤ አንዷ ሐዘንተኛዋ አጠገብ ተቀምጣ ታጽናናለች። ዕድርተኛው ማን ለምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ የሚመርጠውም ይህንኑ አይቶ ነው።

ልጆችዎንም እንዲሁ ይመልከቱ። የተበላሸ ነገር ሲገኝ የሚፈታታው ማን ነው? ታናናሾቹን ሰብስቦ የሚያስጠናውስ? ሲጣሉ የሚያስታርቀው? ገበያ ተልኮ መልሱን በትክክል ቆጥሮ የሚያመጣው? ያዩትን ለልጁ ይንገሩት። «ጎበዝ ነህ» ማለት ብቻ ብዙም አያሳውቀውም። «እህትህ ሒሳቡ አልገባት ሲል በሦስት ዓይነት መንገድ አስረዳሃት» ቢሉት ግን ስለ ራሱ አንድ ነገር ይይዛል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ችሎታና ፍቅር ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሒሳብ 95 የምታመጣ ልጅ ሒሳብ ላትወድ ትችላለች። ስለዚህ ከውጤቱ ባሻገር ምን ስትሠራ ሰዓቱ ሳይታወቃት እንደሚሄድ፣ ምን ስትሠራ ደግሞ ቢሳካላትም እንደሚደክማት ይጠይቋት።

ምኞቱ የማን ነው?

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይባላል። የልጅን ዝንባሌ ለመለየት የሚነሣ ወላጅ መጀመሪያ የራሱን ምኞት ማወቅ አለበት። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሥራ የገባ አባት ልጁ ዶክተር እንዲሆን ቢመኝ አያስነውርም። ችግርን ያየ ሰው ለልጁ አስተማማኝ ደመወዝ ቢፈልግም እውነት አለው። ችግር የሚመጣው ምኞቱ ሳይነገር ትእዛዝ ሲሆን ነው። «እኔ ይህን የምፈልገው ስለ ኑሮህ ስለምሰጋ ነው፤ አንተስ ምን ታያለህ?» ያለ አባት ሥልጣኑ አይቀንስበትም። ልጁም የአባቱን ስጋት ሲሰማ ስለ እንጀራው አብሮ ማሰብ ይጀምራል።

እንጀራ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሚወዱትን ብቻ ሠርቶ ማደር ለሁሉም አይሳካም። ሆኖም ራሱን ያወቀ ሰው ያለበትን ሥራ ሳይለቅም ኑሮውን ማስተካከል ይችላል። ማስተማር የሚወድ የሒሳብ ሠራተኛ አዲስ የተቀጠሩትን ለማለማመድ ራሱ ይጠይቅ። ከሰው ጋር መዋል የሚያስደስታት፣ ቀኑን ሙሉ ከፋይል ጋር የምትውል እናት ደግሞ ቅዳሜን በማኅበር ሥራ ልታሳልፍ ትችላለች።

ከጡረታ በኋላስ?

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ስሙም አብሮ የቀረ ይመስለዋል። ለ30 ዓመት «ዳይሬክተሩ» ወይም «መምህሩ» የተባለ ሰው «ያለ ወንበሬ ማን ነኝ?» ቢል አይገርምም። መልሱ ባለፈው ዕድሜው ውስጥ አለ። ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ያስደስተው የነበረው የትኛው ነበር? ሰዎች ከቢሮ ውጭ ምን ሊያማክሩት ይመጡ ነበር? ያንን የልጅ ልጆቹን በማስጠናት፣ ዕድሩን በመምራት፣ በጓሮ አትክልት ወይም በሽምግልና መቀጠል ይቻላል።

በመጪው እሑድ ቡናው ሲፈላ ይህንን ይሞክሩት። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አጠገቡ ስለተቀመጠው ሰው «አንተ ደስ ብሎህ ስትሠራ ያየሁህ ይህንን ነው» ብሎ አንድ ነገር ይንገረው። ከአያት ይጀመር፤ ትንሹም ልጅ አይዘለል። ከሦስቱ ስኒ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ ያላወቃችሁት ነገር መውጣቱ አይቀርም።