ከሮም የመጣው የእናትና ልጅ ሥዕል በጎንደር ዘመን

«ምስለ ፍቁር ወልዳ» በሚል ስም የሚታወቀው የድንግል ማርያም ሥዕል በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። እናት ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች፤ እጆቿ ከሕፃኑ ፊት ተመሳቅለዋል፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇም መሐረብ ይዛለች። ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። የዚህ ቅርጽ ምንጭ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባሲሊካ የሚገኘው ጥንታዊ ሥዕል ነው።

የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ፍራንሲስኮ ቦርጃ ሥዕሉን ለማስቀዳት ከሮማው ጳጳስ ፒዮስ 5ኛ ፈቃድ ያገኙት በ1569 እ.ኤ.አ. ነበር። ቅጂዎቹ ሚስዮናውያኑን ተከትለው እስከ ሕንድና ቻይና ተጓዙ፤ ኢትዮጵያም የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው። በ1632 እ.ኤ.አ. የእስክንድርያ ሃይማኖት ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ሥዕሉ ግን አብሯቸው አልወጣም። እንዲያውም በስፋት የተሣለው እነርሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ከሚስዮናውያኑ ትጋት ይልቅ ቀድሞ ከነበረው ሥርዓት መፈለግ ይሻላል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ተደንግጎ ነበር፤ በሥዕሏ ፊት መስገድም ጸንቷል። በዚያው ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ስሙን የጻፈበት የገበታ ሥዕል የተገኘለት፣ እናትና ልጁን በመላእክት አጅቦ ይሥል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም እናት ለልጇ አበባ ስታቀርብ ያሳያል። የሮሙ ሥዕል መላእክት የሉትም። የጎንደር ሠዓልያን ግን ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቆሙ። እንግዳው ሥዕል የገባው፣ ለማለት ያህል፣ ባለቤቶቹ ቀድመው ባሰናዱት ቤት ነው።

መሐረቡ በቢዛንታይን ቤተ መንግሥት የማዕረግ ምልክት ነበር፤ ያንን ሥርዓት ያላዩት የጎንደር ሠዓልያንም ሳይጥሉት አቆዩት። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው የጣቶቹ ነገር ነው። ሁለቱን ጣቶች የክርስቶስ ሁለት ባሕርያት ምልክት አድርጎ ማንበብ የሚቃጣው ተመራማሪ ይኖራል። ነገር ግን ሁለት ባሕርይ የሚለውን ትምህርት ተቃውማ ደም ያፈሰሰች ቤተ ክርስቲያን እነዚያኑ ሁለት ጣቶች ያለ አንዳች ቅሬታ ሣለች፤ በፊታቸውም ሰገደች። ስለዚህ ከእጅ አቀማመጥ ተነሥቶ የሠዓሊውን ዶግማ መወሰን፣ ቢያንስ በዚህ ሥዕል ላይ፣ አያስኬድም።