ቀፎ ከቁራጭ ጣውላ

በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው የሽግግር ቀፎ ሲያዩት ገንዳ ይመስላል። አፉ ሰፋ፣ ወለሉ ጠበብ ያለ ሣጥን ነው፤ በአፉ ላይ ከ27 እስከ 30 የሚሆኑ ርብራቦች ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ከዚያ ክዳኑ ይደፋበታል። ንቦቹ እንጀራቸውን ከየርብራቡ ወደ ታች አንጠልጥለው ይሠራሉ። አናቢው አንዱን ርብራብ አንሥቶ ያያል፤ ማሩ ከደረሰ ይወስዳል፣ እጭ ካለበት ወደ ቦታው ይመልሳል። በባህላዊው ቀፎ እንጀራው ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ ሳይቆርጡ ማየት አይቻልም።

ለዚህ ቀፎ አዲስ ጣውላ የሚገዛ ሰው ሳይ ገንዘቡ ያሳዝነኛል። በዘመናዊው ባለፍሬም ቀፎ እያንዳንዱ ክፍተት በሚሊ ሜትር መለካት አለበት፤ እዚህ ግን ልክ የሚጠይቀው የርብራቡ ስፋት ብቻ ነው። ስፋቱ 3.2 ሳ.ሜ. ነው፤ የአንድ እንጀራ ውፍረትና ንቦቹ በሁለት እንጀራ መሃል የሚተላለፉበት መንገድ ተደምሮ የሚሰጠው ልክ። ግድግዳው ከሦስት ዓይነት ቁራጭ ቢጋጠም ንቦቹ ግድ የላቸውም።

የርብራቡን ስፋት ነገር የተማርኩት በጥፋቴ ነው። በመጀመሪያ ቀፎዬ ርብራቦቹን በግምት 4 ሳ.ሜ. አድርጌ ሰነጠቅኋቸው። ከወራት በኋላ ክዳኑን ከፍቼ አንዱን ላነሣ ስል ጎረቤቱ አብሮ ተነሣ፤ ንቦቹ እንጀራውን አጣመው ከአንዱ ወደ ሌላው አሻግረውታል። ላላቅቀው ስል ተቀደደ፣ ማሩ በእጮቹ ላይ ፈሰሰ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከርብራቡ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ የደረቀ፣ 48 ሳ.ሜ. የሚሞላ ቁራጭ ያስፈልጋል። ይህ በብዛት የሚገኘው ከአናጢ ቤት ነው፤ የበርና የአልጋ ትራፊ ለማገዶ ከመሄዱ በፊት መድረስ ብቻ ነው። ዋንዛ ከተገኘ እሰየው። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አንድ የስሌት ወጥመድም አለ፦ 10 ሳ.ሜ. ከሚሰፋ ሣንቃ ሦስት ርብራብ የሚወጣ ይመስላል፤ ሦስቱ ተደምረው 9.6 ናቸውና። ነገር ግን መጋዙ በየመስመሩ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል፤ ሦስተኛው ይቀጥናል።

ለግድግዳው የዕቃ መጫኛ ፓሌት ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ግን ማኅተሙ ይታይ። ከአገር ወደ አገር የሚጓዝ ፓሌት ላይ የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክት ይታተማል፤ አጠገቡ «ኤችቲ» የሚሉት ፊደላት ካሉ እንጨቱ እስከ ውስጡ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቋል ማለት ነው፤ ይወሰድ። «ኤምቢ» ከሆነ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነውና ይቅር። ማኅተሙ ንጹሕ ሆኖ እንኳ ኬሚካል ወይም ዘይት የፈሰሰበት ፓሌት ለማር ቤት አይሆንም።

ከግንባታ ቦታ የሚጣለው የካሳፎርማ ጣውላ ያጓጓል፤ ሰፊ ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶው እንዳይጣበቅ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ በመላግ አይወጣም። አሸትተው ዘይት ዘይት ካለ ይተዉት። መድኃኒት የጠጣ የመብራት ምሰሶም እንዲሁ። ቺፑድ ደግሞ እርጥበት ሲነካው አብጦ ይፈራርሳል።

ጣውላ ጨርሶ በማይገኝበት ገጠር ጨፈቃ ቀፎ አለ። ግድግዳው ከቀጫጭን እንጨት ወይም ከቀርከሃ ተዋቅሮ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ የተሰነጠቀ እንጨት የሚፈልገው ለርብራቡ ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ትራፊ ጣውላ ቢጠፋ እንኳ ሰው ቀፎ ከመሥራት አይቦዝንምና።

ቀፎው ካለቀ በኋላ ውስጡ ቀለም አይነካም፤ ቀለም ከተፈለገ ከውጭ ብቻ ነው። ጥቂት ሳምንት ክፍቱን ፀሐይ ይመታው፤ ከዚያ እንደ አባቶች ወግ በወይራ ጭስ ይታጠን። በመጨረሻም ንጹሕ ሰም ቀልጦ በእያንዳንዱ ርብራብ ሆድ ላይ፣ ልክ መሃሉን ይዞ፣ እንደ ክር በቀጭኑ ይሰመራል። ንቦቹ እንጀራቸውን መሥራት የሚጀምሩት ከዚያች መስመር ነው።