ከሐውልቱ በፊት የነበረው አራዳ

አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚመጣ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሐውልቱ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ የንግሥ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በቆመው ፈረሳቸው በአባ ዳኘው ላይ ተቀምጠዋል። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። አብዛኛው ጎብኚ እዚያው ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ይህ ግን አደባባዩን ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምሮ እንደ ማንበብ ነው። ቦታውን ታላቅ ያደረገው ከሐውልቱ አስቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የአራዳ ገበያ በአንድ ላይ የሰበሰቡት ሕዝብ ነው። ሐውልቱም እዚህ የቆመው ሕዝቡ እዚህ ስለነበረ ነው።

የአራዳ ገበያ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደምቅ ነበር። ቅቤው፣ ማሩ፣ ቡናው፣ ሸማው፣ በቅሎው ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። አሞሌ ጨው በአንድ ፊት ሸቀጥ፣ በሌላው ፊት ገንዘብ ሆኖ ከእጅ እጅ ይዞራል። የገበያው ሹም ነጋድራስ ቀረጥ ያስከፍላል፣ የነጋዴዎችን ሙግት ይዳኛል። አዋጅ የሚነገረው፣ የሞት ቅጣትም የሚፈጸመው እዚሁ ሰው በተሰበሰበበት ነበር፤ የአራዳን ታሪክ ስናወሳ ይህን ጨለማ ገጹን መዝለል አይገባም። ከገበያው አጠገብ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ታነጸ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በዚሁ ነው። ዛሬ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰው የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ያያል።

የዚህን ቦታ ጉልበት በሚገባ የተረዳው ወራሪው ነበር። ፋሺስት ጣሊያን የምኒልክን ሐውልት ነቅሎ ቀበረ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት የጭፍጨፋ ቀናት ካቴድራሉን አቃጠለ፤ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ የዛሬውን መርካቶ አቋቋመ። ሐውልት ብቻ ቢያስፈራው ኖሮ ገበያተኛውን ባላፈናቀለ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፦ ገበያው ሄዶም አደባባዩ አልሞተም፤ ታዲያ ሕዝቡ ነው ያቆመው ማለት እንዴት ይቻላል? መልሱ በዙሪያው ባሉት ጎዳናዎች ላይ ይገኛል። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ከተቀበረበት ወጥቶ ቆመ፣ ካቴድራሉ ታደሰ። ገበያው የለቀቀውን ቦታ ደግሞ ዛሬ ፒያሳ የሚባለው የዚሁ አካባቢ ወርቅ ቤቶች፣ ኬክ ቤቶችና ሲኒማ ቤቶች ሞሉት። ሰው የሚመጣበት ምክንያት ተለወጠ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ያለኝ ስጋት ከዚሁ የሚነሣ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. እዚሁ አጠገብ ተከፍቷል፤ ለአካባቢው ትልቅ ጸጋ ነው። በዚያው ዓመት ግን ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። ቤቶቹ ያረጁ፣ መጸዳጃቸው የጋራ፣ ለኑሮ የማይመቹ ነበሩ የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ድህነትን ለጎብኚ መስህብ ብሎ ማቆየት ነውር ነው። ሆኖም የቤቱ ማርጀት ነዋሪውን ከሰፈሩ ለማራቅ በቂ ምክንያት አይሆንም። ቤት ይታደሳል፣ እንደ አዲስም ይሠራል፤ ለዘመናት የተገነባ ጉርብትናና ደንበኝነት ግን አንዴ ከተበተነ በፕላን አይመለስም። ስለዚህ በአደባባዩ ዙሪያ በሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ለቀድሞ ነዋሪዎችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች በአቅማቸው የሚከራዩት ቦታ ይመደብላቸው። ውሳኔው በእጃቸው ያለ ሰዎች ሥራው ሳያልቅ ይህን ያስቡበት።