ያገለገለ አውቶሞቢል ስለ መግዛት

ልጆቹንና ጓዙን ባንድነት የሚጭን፥ ኋላው ሰፊ የሆነ ያገለገለ አውቶሞቢል በርካሽ ለመግዛት ያሰበ የቤተ ሰብ አባት፥ ለልጆቹ ያኖረውን ገንዘብ ጋራዥ እንዳይበላበት አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ይህን ዓይነት የሚሻ ሰው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ነውና፥ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

እኛ ለጉለሌ ሰው የምንመክረው ይህን ነው። ሞተሩን ሳይሞቅ በማለዳ ያስነሣው፤ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። ቀጥሎ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይውጣበት፤ አቀበቱ የፍሪሲዮኑን መንሸራተትና የሞተሩን መጋል፥ ቁልቁለቱም የፍሬኑን ድካም ይገልጣል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያይ፤ መካኒኩንም ሻጩ ሳይሆን ራሱ ይምረጥ። ሻጩ አቀበቱን አልወጣም ቢል ግን፥ ገንዘቡን ይዞ ወደ ልጆቹ ይመለስ።