አውሮፕላን ሠራን እንበል… ማሳረፉስ?

በፍቅር፣ በኩርፊያና በኪስ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ዛሬ ትንሽ ሽቅብ እንውጣ።

እዚህ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ፣ በብየዳ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወዳጅ አለኝ። ሕልሙ የራሱን አውሮፕላን ሠርቶ መብረር ነው። ንድፉን ሲያሳየኝ ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ደግሞ ከጭራው ሥር አየሁ። ስለ ሞተሩና ስለ ክንፉ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራኝ ስለ ማረፍ ግን ቃል አልተነፈሰም። «የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ነው የምወጣው» ሲለኝ ደነገጥኩ። እናቱ ያለ እሱ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ የአብራሪነት መማሪያ መጻሕፍት አገላበጥኩለት።

ሕልሙ እብደት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር አዲስ አበባ ላይ «ፀሐይ»ን ሠርቶ አብርሯታል። ስሟ ከልዕልት ፀሐይ የመጣ ነው። በወረራው ጊዜ ጣልያኖች ወስደዋት፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መመለሷ ተበሰረ። እሷም ጭራዋን ጥላ የምትቆም ናት። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖችም እንደዚያው ናቸው።

የነዚህ ጣጣ ምንድን ነው? ክብደታቸው ያለው ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው። ጋሪን አስቡት። ፈረሱ ሲጎትተው ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ ወደ ኋላ ሲገፋው ግን ትንሽ ከተጣመመ ይብሱን ይጣመማል። አውሮፕላኑም መሬት ላይ አፍንጫው ዞር ሲል የኋላው ክብደት ልቅደም ይላል። ዝም ከተባለ እንደ እንዝርት ዞሮ ክንፉን መሬት ያስልሰዋል።

ታዲያ ወዳጄን እንዲህ አልኩት፦ ዓይንህን ከመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ጣል። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብለህ ፍጥነቱ እስኪያልቅ መሪውን ቀስ እያልክ ወደ ሆድህ ሳብ፤ ያኔ ሦስቱም ጎማዎች አብረው ይነካሉ። ከነካም በኋላ መሪውን አትልቀቅ። እግርህ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ ይርገጥ። ንፋስ ከጎን ከመጣ በንፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርግ፣ አፍንጫውን በእግርህ አቅና። ክፉኛ ከነጠረብህ ነዳጅ ሰጥተህ ተነስና ዞረህ ሞክር። አያሳፍርም!

ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ደግሞ በእግርህ አታባብለው፤ ሕመሙን ፈልግ። የጎማዎቹ ንፋስ እኩል ነው? አላይመንቱስ? አንዱ ፍሬን ብቻውን ይይዛል? የጭራ ጎማዋ ሞላ ላልቶ ይሆን? የጭነቱ ሚዛን ወደ ኋላ አጋድሏል? በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አስተካክል፣ ሞክር፣ ደብተር ላይ ጻፍ። ሁሉንም ባንዴ ከነካካህ የትኛው እንዳዳነው፣ የትኛው እንዳባሰው አታውቅም።

ሌላም አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። መለኪያው ያው ቁጥር ቢያሳይም የምታርፍበት ፍጥነት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 10 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ለማቆም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል።

ይሄ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ ነው። እግር የሚለምደው አስተማሪ አጠገብ ተቀምጦ፣ በሌላ ባለጭራ ጎማ አውሮፕላን ነው። ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ሳያገኙ መነሳትማ አይታሰብም።

እናንተም እንዲህ ያለ ሕልመኛ ጓደኛ ካላችሁ አትሳቁበት፤ ዝም ብላችሁም አታጨብጭቡለት። «ማረፉስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጎማው እስኪቆም ድረስ በረራው አላለቀም።

ሰላም ሰንብቱ!