ከወላይታ አፈር እስከ አንጎል

የወላይታ ቀይ አፈር እንሰቱንም ቡናውንም ያበቅላል። በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግር ያደገ ሰው ግን ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ከትል የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወላይታ የወጣ ጥናት የታማሚዎቹን ቁጥር ከሕዝቡ 5.46 በመቶ አድርሶታል።

እግሩን የሚያሳብጠው አፈሩ ብቻውን አይደለም፤ ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠው ምላሽም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የመነጩ ደቃቅ ቅንጣቶች በታማሚዎች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ተከማችተው አገኘ። ቅንጣቶቹ የነበሩት ማክሮፋጅ በተባሉት፣ ባዕድ ነገር እየዋጡ በሚያስወግዱ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ነው። ማክሮፋጅ ባክቴሪያን ውጦ ይፈጫል፤ ማዕድን ግን አይፈጭለትም። ይህ የሚቀሰቅሰው ብግነት ሳይበርድ ይከርማል፤ የሊምፍ ቧንቧው ይጠባል፣ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና እግር ውስጥ ይቀራል።

ታዲያ እኩል በባዶ እግር ከሚሄዱ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ባወጡት ጥናት ልዩነቱን ኤች.ኤል.ኤ ክፍል ሁለት ከሚባለው የዘረ መል ሠፈር ጋር አያያዙት። የዚህ ሠፈር ፕሮቲኖች፣ የተዋጠውን ባዕድ ቁራጭ ቲ ሕዋሳት ለተባሉት የሰውነት ተከላካዮች አሳይተው ለትግል ያነሣሧቸዋል።

ግኝቱ ከእግር አልፎ የሚያስተምረው ነገር አለ። አንጎልም የራሱ ማክሮፋጅ አለው፤ ማይክሮግሊያ ይባላል። ፓትሪክ ማክጊርና ባልደረቦቹ በ1988 በፓርኪንሰንና በአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ኤች.ኤል.ኤ-ዲአር የተባለውን የዚሁ ሠፈር ፕሮቲን የተሸከሙ የተቆጡ ማይክሮግሊያዎችን አዩ። በ2010 ደግሞ ይኸው የዘረ መል ሠፈር ከፓርኪንሰን ጋር ተያያዘ። በዓይን ረገድም፣ በዕድሜ መግፋት ማዕከላዊ እይታን በሚያጠፋው የማኩላ በሽታ፣ እነዚህን መሰል ሕዋሳት ከሬቲና ሥር ይሰበሰባሉ። በአንጎልም በዓይንም ችግሩ ተመሳሳይ ይመስላል፤ ሕዋሱ ሊያስወግደው ያልቻለው ቆሻሻ እዚያው ይቆያል፣ ቁጣውም ጤነኛውን አካባቢ ይጎዳል።

የአንጎሉን ቆሻሻ በሳሙና ማጠብ አይቻልም። የወላይታውን አፈር ግን ወደ ሰውነት ሳይገባ ከእግር ላይ ማጠብ ይቻላል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ጅማሬ ላይ ያለ የእግር እብጠት፣ በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ፣ ቆዳን በቅባት በማለስለስ፣ በፋሻ በመጠቅለልና ጫማ በማድረግ ሊመለስ ይችላል። ወላጆች፣ ልጃችሁ መራመድ ሲጀምር ጫማ አድርጉለት፤ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ካለ ደግሞ ሳትሸሽጉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።