ዲስኩ ገባ፤ ቦታው ግን አልሰፋም

አንድ የብራና መጽሐፍ ፎቶ ሲነሳ ስንት ጊጋባይት ይወጣዋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሳው ምስል ሳይታመቅ ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ስለሚፈልግ 72 ሜጋባይት ይይዛል። 200 ቅጠል ያለው ብራና ፊትና ጀርባው 400 ገጽ ነው። ሲባዛ 28.8 ጊጋባይት ይመጣል። አንድ ቴራባይት ዲስክ እንዲህ ያሉ 34 መጻሕፍት ይዞ ይሞላል ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ስድስት ኪሎ ላይ ጨዋታ አይደለም። እዚያ ያለው፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሰበሰባቸው ብራናዎች አሉት፤ ከእነዚህም በብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ ቤተ መዛግብት ፕሮግራም ድጋፍ በዲጂታል የተነሱ አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማስተርስና የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፎችን ዲስፔስ በሚባል ሶፍትዌር ላይ በኢንተርኔት ያቀርባል። ዲስፔስን እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ያበረከቱት የኤምአይቲ ቤተ መጻሕፍትና ሂውሌት ፓካርድ ናቸው። አሠራሩ ርዕሱን፣ የደራሲውን ስምና የመሳሰለውን ዝርዝር በዳታቤዝ ይይዛል፤ ጽሑፉን ራሱን ግን በረጅም ቁጥር ሰይሞ አንድ ፎልደር ውስጥ ያከማቻል። ይህ ፎልደር በየዓመቱ ተመራቂ በወጣ ቁጥር ይወፍራል እንጂ አይከሳም። የቤተ መዛግብት ጠባይ እንዲህ ነው፤ የገባ አይወጣም።

ስለዚህ አንድ ቀን የሰርቨሩ ቦታ ያልቃል፤ አዲስ ዲስክ ተገዝቶ ይገባል። ባለሙያው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጥ ዲስኩ ከነስሙ፣ ኤስዲቢ ተብሎ፣ ተዘርዝሮ ይታያል። ካርቶኑ ላይ 4 ቴራባይት የተባለው ስክሪኑ ላይ 3.6 ይላል፤ አምራቹ በሺህ ሲቆጥር ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥር ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ቀጥሎ ዲኤፍ ብሎ የቀረውን ቦታ ሲጠይቅ ግን መልሱ የትናንቱ ነው፤ 97 በመቶ ሞልቷል። ዲስኩ ገብቷል፤ ቦታው አልሰፋም።

ምክንያቱ በዲስክና በፋይል መካከል ብዙ ደረጃ መኖሩ ነው። ከታች ዲስኩ አለ። ከእሱ በላይ ዲስኩ ከየት እስከ የት ለምን ሥራ እንደተመደበ የሚናገረው ፓርቲሽን አለ። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ፋይል ሲስተም ነው፤ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚመዘግበው እሱ ነው። ነገሩ ከጎኑ ያለውን መሬት እንደገዛ ባለቤት ነው፤ መሬቱ ቢገዛም የይዞታ ካርታው እስኪስተካከል ድረስ አይገነባበትም፤ ካርታው ተስተካከለ ተብሎም ቤቱ በራሱ አይሰፋም።

በብዙ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ በመካከል ኤልቪኤም የሚባል ደረጃ ይጨመራል። ለሊኑክስ የጻፈው ሃይንዝ ማውልስሃገን ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1998። ኤልቪኤም የተለያዩ ዲስኮችን ወደ አንድ ጎተራ ያስገባና፣ ጎተራውን ባብዛኛው 4 ሜጋባይት በሆኑ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ለሚያስፈልገው ያድላል። ለማስፋት ሲፈለግ አዲሱ ዲስክ ለኤልቪኤም ይመዘገባል፣ ወደ ጎተራው ይገባል፣ ከጎተራው ተቆርጦ ለቆየው ክፍል ይጨመራል፤ በመጨረሻ ፋይል ሲስተሙ «ወሰንህ ሰፍቷልና እስከዚያ ድረስ እደግ» ይባላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ማስፋት ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ማጥበብ ግን ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ከሥሩ ያለው የሚቆረጠው። በማጥበብ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ቦታ ከሥራቸው ቆርጦ ይጥላል።

ማስፋት በጠባዩ ከማጥበብ የሚሻልበትን ምክንያት ለማየት ኤክስት4 የተባለውን ፋይል ሲስተም ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ ለሥራ የበቃ ነው። ቦታውን 4 ኪሎባይት በሆኑ ብሎኮች ይከፍላል፤ ብሎኮቹንም በቡድን ያደራጃል። እያንዳንዱ ቡድን የትኛው ብሎክ እንደተያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ መዝገብ አለው፤ መዝገቡም ራሱ አንድ ብሎክ ነው። አንድ ብሎክ 4096 ባይት፣ ማለትም 32,768 ቢት ነው። አንዱ ቢት አንድ ብሎክ ስለሚወክል መዝገቡ የሚችለው 32,768 ብሎክ ብቻ ነው፤ ይህም 128 ሜጋባይት ይሆናል። ቦታ ሲጨመር ኤክስት4 የቆዩትን ቡድኖች ትቶ ከመጨረሻው ቡድን ቀጥሎ ባለ 128 ሜጋባይት አዳዲስ ቡድኖችን እየደረደረ ይሄዳል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሳይጠፋ፣ ተማሪውም ጽሑፉን እያወረደ ማስፋት ይቻላል። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላ ፋይል ሲስተምም ሥራ ላይ እያለ ይሰፋል፤ ለማጥበብ ግን የተሠራ አይደለም። እሱን የመረጠ ድርጅት ለክፍሉ ቦታ ሲሰጥ ቆጠብ ማለት አለበት።

አደጋው ያለው እንግዲህ ከማስፋቱ ሒሳብ ውስጥ አይደለም፤ ከዙሪያው ነው። የመጀመሪያው ስም ነው። ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚሉት መጠሪያዎች ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ትናንት አዲስ የነበረው ዲስክ ስም ዛሬ ሃያ ዓመት የተለፋበትን ሊጠራ ይችላል። መፍትሔው ዲስኩ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አስፋ» ማለት ሲገባ «አዲስ ፋይል ሲስተም ፍጠር» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ነው፤ ይህ ትእዛዝ የነበረውን መዝገብ በባዶ መዝገብ ይተካዋል። ኤልቪኤም በሌለበት ፓርቲሽኑን በእጅ ማስረዘም ካስፈለገም መጨረሻው ይገፋል እንጂ መነሻው አይነካም። መነሻው በአንድ ሴክተር፣ ማለትም በዲስኩ ትንሿ መቁጠሪያ፣ እንኳ ከተዛነፈ ፋይል ሲስተሙ ራሱን የሚያገኝበት ቦታ ይጠፋዋል። ኤምቢአር የሚባለው የቆየ የፓርቲሽን ሰንጠረዥም በተለመደው ባለ 512 ባይት ሴክተር ከ2.2 ቴራባይት በላይ ሊቆጥር አይችልም፤ ለትልቅ ዲስክ ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ሰንጠረዥ ነው የሚያስፈልገው።

መብራትም አለ። ኤክስት4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ ሊያደርጉ ያሰቡትን ለውጥ አስቀድመው ጆርናል ላይ ስለሚጽፉ፣ በመካከል መብራት ቢሄድ ከየት መቀጠል እንዳለባቸው ያውቃሉ። ጆርናል ግን የሚጠብቀው በዋናነት የፋይል ሲስተሙን መዝገብ ነው፤ ያልተቀመጠ ዳታን አይመልስም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን የሚያቆየው ዩፒኤስ በሚገባ መሥራቱ ታይቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ማስፋቱ በሰላም ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ነው። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 5 በመቶ ነው ብለን እናስብ። ፋይል ሲስተሙ ያለ ሌላ መጠባበቂያ በሁለት ዲስኮች ላይ ከተዘረጋ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የመበላሸቱ ዕድል 9.75 በመቶ ይሆናል፤ አንዱ ሲበላሽ ደግሞ ጠቅላላው ፋይል ሲስተም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቦታ ስንጨምር የመጥፋት ዕድልንም በእጥፍ ገደማ ጨመርን ማለት ነው። ዲስኮችን አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካው አድርጎ የሚያጣምረው ሬይድ ይህን የዲስክ ብልሽት ሊሸፍን ይችላል፤ የተሳሳተ ትእዛዝን ግን በሁሉም ዲስክ ላይ በታማኝነት ይፈጽመዋል። ስለዚህ ባክአፕን አይተካም።

የብራና ሰዎች ይህን ከኮምፒውተር ሰዎች ቀድመው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር፣ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ እንዲቀር፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ስድስት ኪሎ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በኋላ እዚያው ሚኒሶታ ሆነው በሺህ የሚቆጠሩትን ብራናዎች ዝርዝር ለማዘጋጀት የቻሉት ሁለተኛው ቅጂ በመኖሩ ነው። ዛሬም የሚፈለገው ያው ነው፤ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ቢቻል ከግቢው ውጭ፣ ተከፍቶ መነበቡ የተሞከረ ሌላ ቅጂ።

እንግዲህ ለአዲስ ዲስክ ገንዘብ የሚመድብ ኃላፊ የሁለት ዲስክ ዋጋ ይዞ ይነሳ፤ አንዱ ለማስፋት፣ አንዱ ለባክአፕ። ባለሙያውም ዲኤፍ አዲሱን ቁጥር ስላሳየው ብቻ ሥራው አለቀ አይበል። ዲስፔስ እያንዳንዱ ፋይል ሲገባ ከይዘቱ የተሰላ የማረጋገጫ ቁጥር ይመዘግባል፤ ያንን ቁጥር ዳግም አስልቶ ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር መሣሪያም አለው። አንድ ፊደል እንኳ ከተለወጠ ቁጥሩ አይገጥምም። ማስፋቱ በሰላም ተጠናቀቀ የሚባለው ይህ ምርመራ ከዳር እስከ ዳር አልፎ ሁሉም ሲገጥም ነው፤ ከማስፋቱ በፊት የተወሰደው ባክአፕም እስከዚያ ድረስ አይነካም።